ፍጥነቱን ተዉትና ፍላጻውን መዝኑት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ቀስት አደን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ስለ አደን ማውራት ከጀመርኩ ግማሹ ሰው ስልኩን ያነሳል፣ ግማሹ ወደ ኩሽና ይሄዳል። ስለዚህ ጋዜጣውን ይዤ ቁጭ አልኩና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉም ነገር ጥሩ እየሄደ «ፍላጻው በፈጠነ ቁጥር ጠልቆ ይገባል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ዓረፍተ ነገር ነው።

አስቀድሜ ግን ትንሽ ስለ ስሙ ልነጫነጭ። ጽሑፋችሁ አንድ ቦታ ላይ የሚሳበውን ቀስት ይለዋል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሚወነጨፈውን ቀስት ይለዋል። ስናወራ ሁላችንም እንደዚህ ነን፣ እኔም። ስንጽፍ ግን ይምታታል። ቀስተ ደመና የሚለውን ያስታወሰ ሰው ቀስት የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም፤ የጎበጠው ነው። ተወንጭፎ የሚሄደው ፍላጻ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፍላጻው ነው። ስለ ቀስቱማ ሁሉም ያወራል፤ ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀስት ያስረዷችሁና ፍላጻውን ከመደርደሪያው አንስተው እንደ ማስቲካ ይጨምሩላችኋል።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የማድነው እነዚህን ሲሮጡ ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ነጩን የሚያሳዩትን አጋዘኖች ነው፤ የሰፈሩን አበባና ጎመን ሁሉ የሚጨርሱትን። እዚህ የቀስት ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ኮርሱን ወስጄ፣ ፈቃዴን አውጥቼ ነው የምወጣው። ቀስቴ ሪከርቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቀለበሱ፣ መዘውር የሌለው፣ ማነጣጠሪያም የሌለው። እኔ በምስበው ልክ ሲሳብ 47 ፓውንድ ይከብዳል። ኮምፓውንድ የተባለው ባለ መዘውር ቀስት ያለው ሰው ይህን ደብዳቤ ገሸሽ ቢያደርገው አልቀየመውም። እሱ የሚያባክነው ጉልበት አለው። እኛ የለንም።

በሁለተኛው ዓመቴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የዚያን ጊዜ ፍላጻዬ 383 ግሬን ነበር። ግሬን ማለት እዚህ አገር ጥይትና ፍላጻ የሚመዘንበት ትንሽ መለኪያ ነው፤ አንድ ግራም 15.4 ግሬን ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ፍላጻ 25 ግራም እንኳን አይሞላም ነበር። የሸጠልኝ ልጅ «ይሄ ይበራል» አለኝ። አልዋሸም፣ ይበራል። አንድ ማለዳ ማማዬ ላይ ተቀምጬ (ዛፍ ላይ የሚታሰረውን መቀመጫ ማማ ነው የምለው፤ ወፍና ዝንጀሮ ከሚጠበቅበት ማማ በምንም አይለይም፣ ቅዝቃዜው ብቻ ነው የሚብሰው) አንዲት አጋዘን 14 ሜትር ላይ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ለቀቅኩት። ልክ ስለቀው እሷ ወደ እኔ ዞር አለችና ፍላጻው ሳንባዋ ላይ መግባቱ ቀርቶ የወርቿ አጥንት ላይ አረፈ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ደረቅ ግንድ በዱላ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። አራት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። ሮጠች። ትንሽ ሄጄ የፍላጻውን ግማሽ ሣር ላይ አገኘሁት፣ ከዚያ በኋላ ግን እዚህም እዚያም ጠብታ ደም ነው፣ ከዚያ እሱም የለም። እስኪጨልም ፈለግኳት። በማግስቱ ሥራ ቀርቼ ፈለግኳት። አላገኘኋትም።

ቀስት ያስተማረኝ ጎረቤቴ ነው፣ ሰባውን ያለፈ አሜሪካዊ ሽማግሌ። የተሰበረውን ቁራጭ አሳየሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነውና «ይሄ ገለባ ነው» አለኝ። እሱ ምናልባት ለስላሳ የሚጠጣበትን ቱቦ አስቦ ይሆናል። እኔ ግን የታየኝ አውድማ ነው።

እህል ሲያዘሩ ያየ ሰው ይህን ነገር ያለ ሒሳብ ይገባዋል። ፍሬውም ገለባውም ከአንድ መንሽ ነው የሚነሱት፣ በአንድ ክንድ፣ በአንድ ፍጥነት። ገለባው ነፋሱ እንደነካው ቆሞ ይዞርና ሌላ ቦታ ይሄዳል። ፍሬው ነፋሱን ሰንጥቆ ይወርዳል። ለምን? ፍጥነታቸው እኮ አንድ ነበር። ፍሬው ውስጥ ክብደት ስላለ ነው፤ የሚያቆመው ነገር ሲመጣ ቶሎ እሺ አይልም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዛሬ የምጠቀምበት ፍላጻ 626 ግሬን ነው፣ 40.6 ግራም። ቀስቱ ያው ነው፣ ክንዴም ያው ነው (እንደውም ዕድሜ ጨምሯል)። ቀላሉ ፍላጻ ከዚህ ቀስት በሰከንድ 56 ሜትር ገደማ ነበር የሚወጣው። ከባዱ 46 ገደማ ነው። አሥር ሜትር ጠፋ። ይህን የሰማ ጓደኛዬ «ታዲያ ምኑ ነው ማሻሻል?» አለኝ። ክብደቱን በኪሎ አድርጋችሁ በፍጥነቱ አባዙት። ቀላሉ 1.39 ይመጣል፣ ከባዱ 1.87። ይህ ነው ገፍቶ የሚሄደው ነገር፣ ሞመንተም የሚሉት፤ ከሲሶ በላይ ጨምሯል። ጉልበቱን ደግሞ፣ ማለት ኢነርጂውን፣ አስሉት። ቀላሉ 39 ጁል ነው፣ ከባዱ 43። አያችሁ? ዘግይቶም ጉልበቱ አልቀነሰም፣ ጨመረ።

ይህ ትርፍ ጉልበት ከየት መጣ ለሚል፣ ከቀስቱ ነው። ቀስት ስትስቡት ያጠራቀመውን ሁሉ ለፍላጻው አይሰጥም። የራሱን ክንፎችና አውታሩንም ማንቀሳቀስ አለበት። ቀላል ፍላጻ ከአውታሩ ላይ ቶሎ ያመልጥና የቀረው ጉልበት ቀስቱ ላይ ይቀራል፤ እጃችሁን የሚነዝረው፣ ያ ጧ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ከባድ ፍላጻ አውታሩ ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ብዙ ይወስዳል። ቀስቱም ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ቀላል ነገር አታድርጉት፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ የትኛውም ፍላጻ አይቀድመውም። አጋዘኗ ድምፁን ሰምታ ጎንበስ የምትለው ፍላጻው መንገድ ላይ እያለ ነው። በሰከንድ አሥር ሜትር ፍጥነት አትርፌ ቀስቴ ቢጮህ ምን ተጠቀምኩ?

ሌላም ነገር አለ። ሥጋ ርጥብ ነው። ወንዝ ስንሻገር ቀስ ብለን ስንሄድ ውኃው ያሳልፈናል፣ ልሩጥ ያለ ሰው ግን እግሩን የሚይዘው ያህል ይከብደዋል። ፈጣን ፍላጻም ሲገባ የሚገጥመው መቋቋም ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ክብደት ስለሌለው ቶሎ ይቆማል። በአጭሩ ፍጥነቱን የሚያጣው፣ በጣም በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው።

አሁን «ከባዱ ቶሎ ይወርዳል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክል ነው። አልክድም። በ18 ሜትር ቀላሉ ፍላጻ ግማሽ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ከባዱ 75 ሳንቲ ሜትር። የ25 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሳንባና አየር ማለት ነው። እኔ ግን ከ15 ሜትር በላይ አልወረውርም፣ ማነጣጠሪያ የሌለው ቀስት የያዘ ብዙ ሰውም ባይወረውር ይሻለዋል። በ14 ሜትር ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ዓይን ይህን በአንድ ክረምት ልምምድ ይለምደዋል። ርቀት መገመት የማይወድ ሰው ካለ ግን፣ እሺ፣ 500 ግሬን አካባቢ ይሁንለት። በእሱ አንጣላም።

እስካሁን ስለ ክብደት ነው። ሚዛኑ ግን ከክብደቱ የበለጠ አስቸግሮኛል፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፍላጻችሁን አንሱና አንድ ጣት ላይ አጋድሙት። ሳይወድቅ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ከጅራቱ፣ አውታሩ ከሚገባበት ሥንጥቅ ጀምራችሁ እዚያ ድረስ ለኩ። ከዚያ የፍላጻውን ርዝመት ግማሽ ቀንሱለት። የቀረውን ለጠቅላላው ርዝመት አካፍሉና በመቶ አባዙ። የእኔ ፍላጻዎች ሁለቱም ከሥንጥቁ እስከ ዘንጉ ጫፍ 74 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ግማሹ 37። የድሮው ሚዛኑን የሚጠብቀው 45.6 ላይ ነበር፣ 11.6 በመቶ ወደ ፊት ማለት ነው። የአሁኑ 53.5 ላይ ነው፣ 22.3 በመቶ። ስምንት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሄዷል። ስምንት ሳንቲ ሜትር ምን ያመጣል የሚል ካለ የጦር ውርወራን ያስታውስ። በ1984 በፈረንጆች፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ኡቬ ሆን ጦሩን 104.80 ሜትር ወረወረው። ሜዳው አልበቃ ሊል ነው። በ1986 የወንዶቹ ጦር ሚዛን አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ፊት እንዲሄድ ተደረገ፤ ጦሩ አፍንጫውን ቶሎ እየደፋ አጠር ብሎ ማረፍ ጀመረ። አራት ሳንቲ ሜትር የአንድን ስፖርት ሪከርድ ከዜሮ አስጀመረች።

የአያቴን ጦርም አስታውሳለሁ። ብረቱ ከፊት፣ ሶማያው ከኋላ። ልጅ ሆነን ተደብቀን ስናነሳው መሃሉን ይዘን አፍንጫው መሬት ይነካ ነበር። ያን ጊዜ የተበላሸ ይመስለኝ ነበር።

ክብደቱ ፊት ላይ መሆኑ ምን ይጠቅማል? መርፌና ክርን አስቡ። መርፌው ከፊት ሆኖ ክሩን ይጎትተዋል፣ ክሩም ቀጥ ብሎ ይከተላል። ክሩን ከኋላ ገፍታችሁ መርፌውን ለማስገባት ሞክሩ እስቲ። ፍላጻም ሲመታ ፊቱ ይቆማል፣ ኋላው ግን ገና መምጣት ይፈልጋል። ኋላው ከባድ ከሆነ ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ ያጣምመዋል፣ ይሰብረዋልም። ጉልበቱ ወደ ጎን ይባክናል። ሚስማር ስትመቱ መዶሻው ትንሽ ዘንበል ካለ ሚስማሩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ክብደቱ ፊት ላይ ሲሆን ግን ከኋላ የሚገፋ ነገር ያንሳል፤ ፊቱ ይስባል፣ ቀሪው ይከተላል። ጅራቱ ላይ ያለው ላባም ይጠቀማል፤ ሚዛኑ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ላባው ጅራቱን ለማቃናት የሚይዘው ክንድ ይረዝምለታል፣ ስለዚህ ፍላጻው ከቀስቱ እንደወጣ ቶሎ ይቀናል።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ደግሞ አለ። እንደ ሐበሻ ነው ያደረግኩት፤ ትንሽ ጥሩ ከሆነ ብዙ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው ብዬ። በድሮው ስስ ዘንግ ላይ 100 ግሬን የነበረውን ጫፍ አውጥቼ 200 ግሬን ገጠምኩበት፣ ከውስጥም 100 ግሬን የናስ ማስገቢያ ጨመርኩበት። ወረወርኩት። ፍላጻው እንደ ዓሣ እየዋኘ ሄደና ዒላማው ላይ ጅራቱን ወደ ግራ አድርጎ ጎኑን ሰጥቶ ተተከለ። ከድሮው ግማሽ ያህል እንኳን አልገባም። ሽማግሌው ቆሞ ያየኝ ነበር። ሳቀና «ከባድ ገለባ ሠራህ» አለኝ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አውታሩ ሲለቀቅ ፍላጻው ከኋላ ይገፋል፣ ፊቱ ደግሞ በክብደቱ እምቢ ይላል፣ መሃሉ ይጎብጣል። ከቀስቱ ጎን ተጣምሞ፣ ተቃንቶ፣ ተጣምሞ ነው የሚያልፈው። ፊቱን ባከበዳችሁ ቁጥር ዘንጉ ይበልጥ ይጎብጣል። ስለዚህ ፊቱ ሲከብድ ዘንጉም ይበልጥ ግትር መሆን አለበት። የካርቦን ዘንጎች ላይ 500፣ 400፣ 340 የሚል ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይጠነክራል፣ ይህ ነው ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተው። እኔ ከ500 ወደ 400 ሄጄ፣ ዘንጉ ራሱም ከበድ ያለ ሆኖ፣ ነገሩ ተስተካከለ። ትክክል መሆኑን የማውቀው ደግሞ ላባ የሌለው ፍላጻ በመወርወር ነው። ላባ ስሕተትን ይሸፍናል። ላባ የሌለው ፍላጻ ዒላማው ላይ ቀጥ ብሎ ከተተከለ ቀሪው ሁሉ ሰላም ነው። ጅራቱ ወደ ግራ ካለ፣ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው፣ ዘንጉ ለስልሷል ማለት ነው። ወደ ቀኝ ካለ ግትርነቱ በዝቷል። ይህን ሳያደርግ አደን የሚወጣ ሰው ጎማውን ሳያይ ረጅም መንገድ እንደሚነዳ ሰው ነው።

እና ለጽሑፋችሁ መልስ የምሰጠው ይህንን ነው። ከሁሉ በፊት ቀጥ ብሎ መምጣት ነው። ቀጥሎ ክብደት። ቀጥሎ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ። ፍጥነት ከዚያ በኋላ ቦታ ከተረፈ ይግባ።

ይህን ከራሴ አፍ አውጥቼ ብቻ አይደለም። ዶክተር ኤድ አሽቢ የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ናታል፣ በኋላም ሌላ ቦታ፣ እውነተኛ እንስሳት ላይ ፍላጻ ሲሞክር የኖረ ሰው ነው፤ ጭቃ ላይ አይደለም፣ ፎም ላይ አይደለም። እሱ በደረሰበት መሠረት ፍላጻ ወፍራም አጥንት በአስተማማኝ ለመስበር 650 ግሬን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሚዛኑ ከ19 በመቶ በላይ ወደ ፊት የሄደ ፍላጻም ጠልቆ እንደሚገባ ይናገራል። ሆኖም እሱ ራሱ ከሁሉ ፊት የሚያስቀድመው ፍላጻው አለመሰበሩንና ቀጥ ብሎ መብረሩን ነው። ይህን ብዙ ሰው ዘሎ ቁጥሩ ላይ ብቻ ይጣላል። ስለ ሚዛኑ መጠን አሁንም የሚከራከሩ አሉ፣ ይከራከሩ። ክብደት አያስፈልግም የሚል ግን ትንሽ ነው። አላስካ ሕግ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፤ እዚያ ትልቅ አውሬ በቀስት ለማደን ፍላጻው ቢያንስ 300 ግሬን መሆን አለበት። ይህ እንግዲህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፤ የእኔ የድሮ ገለባ እንኳን ያልፋል።

እኔም ጓሮዬ ውስጥ ትንሽ ሞክሬያለሁ፣ ሳይንስ ነው አልልም። ሁለት ፍላጻ እኩል ክብደት አድርጌ ሠራሁ። አንደኛው ክብደቱ ፊት ላይ ነው። ሁለተኛው ውስጡ ባዶ የነበረውን ዘንግ በሣር ማጨጃ ናይለን ገመድ ሞልቼ ክብደቱን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋሁት (ይህን ዘዴ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ርካሽ ነው)። ከዒላማው ፎም ፊት ስስ ጣውላ አስደግፌ ወረወርኩ። ሁለቱም ጣውላውን አልፈዋል። ፊቱ የከበደው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ቀድሞ ገባ። ያ 383 ግሬኑ ግን ጣውላውን ወግቶ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ሚዛኑ ለውጥ ያመጣል፣ ክብደቱ ግን የበለጠ ለውጥ አመጣ። ቢያንስ በእኔ ጓሮ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፎም ላይ ብቻ እየወረወራችሁ «የእኔ ይገባል» አትበሉ። ፎም ዘንጉን ከጎን ጨምቆ ነው የሚያቆመው፤ ቀጭን ዘንግ ሁሌም ያሸንፋል። ሥጋ እንደዚያ አይጨምቅም፣ ስለቱ ከከፈተ በኋላ ዘንጉን ደምና ስብ ያሳልፈዋል። እና ስለት ካልኩ፣ የሞረድ ነገር አለ። ሱቅ ውስጥ «ስል ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጫፍ ብዙ ጊዜ ዱልዱም ነው። የእጄን ፀጉር ካልላጨ አልወጣበትም። ባለ ሁለት አፍ፣ ረዘም ጠበብ ያለ ጫፍ እወዳለሁ፤ ሃውርድ ሂል የተባለው የድሮ ቀስተኛ ርዝመቱ የወርዱ ሦስት እጥፍ ይሁን ይል ነበር። ጠበብ ያለ ነገር ለምን በቀላሉ እንደሚገባ ወስፌ ይዛ መሶብ የሰፋች እናት ያላት ሰው አይጠይቀኝም።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «የደቡባዊ አፍሪካዎቹ አዳኞች፣ የካላሃሪ ሳኖች፣ በሸምበቆ ፍላጻ ቀጭኔ ይጥሉ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይጥሉ ነበር። ፍላጻቸው በጣም ቀላል ነው፣ የእኔ ገለባ ከእሱ አጠገብ ግንድ ነው። ግን የሚገድለው ፍላጻው አይደለም፤ ከጥንዚዛ እጭ የሚያወጡት መርዝ ነው። ቆዳውን ካለፈ በቂ ነው፤ ከዚያ ዱካውን ይዘው አንዳንዴ ቀናት ይከተሉታል። እኛ መርዝ የለንም። የእኛ ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሳንባ አልፎ በወዲያኛው ጎን መውጣት አለበት። ከማማ ላይ ስትወረውሩ መግቢያው ከላይ ነው፣ ደሙ ወደ ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ውጭ የሚፈስላችሁ በታችኛው መውጫ ነው። መውጫ ከሌለ ዱካ የለም። የእኔ አጋዘን የጠፋችው ለዚህ ነው።

ባለፈው ወቅት ደግሞ በ626 ግሬኑ አንድ ወንድ አጋዘን ላይ በ13 ሜትር ወረወርኩ። ጎድኑን ሰብሮ ገባ፣ በወዲያኛው ጎን ወጣ፣ መሬት ላይ ተተክሎ አገኘሁት። እንስሳው የመንገድ ዳር እስከ ዳር ያህል ሄዶ ወደቀ። እሱ ምን እንደነካው ያወቀ አልመሰለኝም፤ ሁለት እርምጃ ሮጦ ቆሞ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ ነው የተንገዳገደው። ሥጋው ስብ ስለሌለው ቋንጣ ሲሆን ልዩ ነው። አማቴ ግን አልቀመሱም። «ማን ባርኮ አረደው?» ነው ያሉት። ለዚህ ቁጥር የለኝም።

የጽሑፉ ባለቤት ይህን በክፋት እንዳያዩብኝ። ፍጥነት የሚያስደስት ነገር ነው፣ ሻጮቹም እሱን ነው የሚያስተዋውቁት፣ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው እሱ ነው። ፍላጻችሁን መዝኑ የሚል ሳጥን አላየሁም። ወደ ቨርጂኒያ ብቅ ካሉ ሁለቱም ፍላጻዎች ጋራዥ ውስጥ አሉ፣ ጣውላውም አለ፤ ወርውረው ይዩት። የሚመዘንበት ሚዛን ግን የባለቤቴ የቅመም ሚዛን ነው፣ በርበሬ እያሸተተ ነው የሚመዝነው፣ እሱንም ወደ ኩሽና እንድመልስ ከተነገረኝ ሁለት ሳምንት አልፎኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ